የኮምፔንሳቶ ጀልባን ሆድ በኢፖክሲና በኬቭላር ጨርቅ ማልበስ

ጀልባዋ ተገልብጣ አራት ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ባለቤቱ አራት እጅ ኢፖክሲ፣ ተቀብቶ ሲደርቅ የሚጠነክር ፈሳሽ ሙጫ ማለት ነው፣ ቀብቷታል፤ ላይዋ አሁንም እንደ መስታወት ያበራል። ጎንበስ ብሎ ላያት ሰው ግን በኮምፔንሳቶው ጭረት አቅጣጫ ከፀጉር የማይወፍሩ ስንጥቆች ተደርድረዋል። ጥፍሬን ባንዱ ስንጥቅ ሳስገባ ኢፖክሲው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። ከሥሩ ያለው እንጨት ጠቁሯል፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት ውኃ ያወጣል።

«አራት እጅ ቀባሁት እኮ» አለኝ።

ችግሩ ስንት እጅ መቀባቱ አልነበረም። ኮምፔንሳቶ፣ ፕላይውድ የምንለው ማለት ነው፣ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ላዩ ላይ ያለው ስስ ኢፖክሲ ይህን መላወስ ሲከተል ከርሞ አንድ ቀን ይሰነጠቃል። ጭድ ያልገባበት ጭቃ ሲደርቅ ምን እንደሚሆን የጭቃ ቤት ያስመረገ ሁሉ ያውቀዋል። ኢፖክሲም ጭቃ ነው፤ ጭድ ይፈልጋል። ከዚህ በታች የምጽፈው ጭዱን እንዴት እንደምንመርጥና ከጭቃው ጋር እንዴት እንደምናዋሕደው ነው። ምሳሌዬ ጣና ዳር የምትሠራ፣ 4 ሜትር ተኩል ገደማ ርዝመት ያላት፣ ሆዷ 5 ካሬ ሜትር የሚሆን ጀልባ ናት። ጥቁር ድንጋይ በበዛበት ዳርቻ ላይ እየተጎተተች ትወጣለች፣ ትገባለች። ለጭነት መኪና ካሶኒ ወለልም ሆነ ለሌላ የሚረግጡትና የሚፈገፍጉት እንጨት አሠራሩ ያው ነው።

ጭዱ የቱ ይሁን?

መጀመሪያ ሁሉም የሚጠይቀው ስለ ኬቭላር ነው፤ ጥይት መከላከያ ሰደርያ ስለሚሠራበት። ኬቭላር የአራሚድ ክር የንግድ ስም ነው። በ1965 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ዱፖንት ውስጥ ትሠራ የነበረችው ኬሚስት ስቴፋኒ ክዎሌክ አገኘችው። የክሩ ፈሳሽ ደፍርሶ ስለነበር መፍተያ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ «ቀዳዳውን ይደፍንብኛል» ብሎ መጀመሪያ እምቢ ብሏት ነበር። ክብደት ለክብደት ሲወዳደር ከብረት አምስት እጥፍ ይጠነክራል የሚባለው እውነት ነው፤ ግን ያ ጥንካሬ የመጎተት ጥንካሬ ነው። ሲጨፈለቅ አቅሙ የመጎተቱን አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ አይላግም፤ እንደ ጥጥ ይነፋፋል። እርጥበት ይስባል፣ ፀሐይም ታደክመዋለች።

ተራው የመስታወት ጨርቅ፣ ፋይበር ግላስ፣ ርካሽ ነው። ኢፖክሲ ሲጠጣ እንደ ውኃ ጥርት ስለሚል የት እንዳልራሰ በዓይን ይታያል፤ ሲደርቅም በደንብ ይላጋል። ድክመቱ ክብደቱ ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ መስታወት 2.5 ግራም ሲመዝን አራሚድ 1.44 ነው። በሹል ድንጋይ ሲመታም ቶሎ ይሰበራል።

ፖሊስተር ጨርቅ ደግሞ የተናቀ ጎበዝ ነው። ግትርነት አይጨምርም፣ ሲስቡት ይለጠጣል፤ ነገር ግን ስለሚለጠጥ ፍግፈጋን የሚችለው የለም። ብዙ ኢፖክሲ ይጠጣል፣ ያብጣል። የጀልባዋ አፍንጫና ከድንጋይ ጋር የሚተሻሸው የሆዷ መሐል ላይ በጠባቡ ሲለጠፍ ከኬቭላር የተሻለ ሆኖ ያገኘሁበት ጊዜ ብዙ ነው።

ዳይኒማና ስፔክትራ በሚባሉ ስሞች የሚሸጠው ፖሊኤቲሊን ክር ጥንካሬው አስደናቂ ነው፤ ለገመድ ምርጥ ነው። ለኢፖክሲ ግን አልመክረውም። ልዩ የገጽ ማከሚያ ካልተደረገለት ኢፖክሲ አይዘውም፤ የጀሪካን ላስቲክ ላይ ማስቲሽ ቀብታችሁ ታውቁ እንደሆነ ያው ነው። ከኢፖክሲ ስለሚቀልልም ይንሳፈፋል። ናይለንም ውኃ ስለሚጠጣ ለውኃ ሥራ አይሆንም።

እንግዲህ ክር የሚመረጠው ጉዳቱ በምን እንደሚመጣ ታይቶ ነው። ጀልባዋ በአሸዋ ላይ ብቻ የምትወጣ ከሆነ ሁለት ድርብ የመስታወት ጨርቅ ይበቃታል፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ለሳሎን ጠረጴዛ ኬቭላር የሚፈልግ ሰው ገጥሞኝ ያውቃል፤ ቡና ሲፈላበት ማን ሊተኩስበት እንደሆነ አላውቅም። ለዚህች ለድንጋይ ጀልባ የመረጥኩት ግን ይህን ነው፤ ከእንጨቱ በላይ አንድ ድርብ 170 ግራም አራሚድ፣ እሱን የሚሸፍን አንድ ድርብ 200 ግራም መስታወት፣ በአፍንጫዋና በሆዷ መሐል ላይ ደግሞ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የፖሊስተር ጥብጣብ። ግራሙ የአንድ ካሬ ሜትር ጨርቅ ክብደት ነው።

አራሚዱ ከታች፣ መስታወቱ ከላይ መሆኑን ልብ በሉ። ከላይ ያለው ይላጋል፣ ይለሰልሳል፤ ከታች ያለው መቀደድን ይይዛል። የተረፈ የአራሚድ ቁራጭ ካላችሁ ደግሞ አትጣሉት፤ ከጀልባዋ ውስጥ በኩል፣ ከወለሉ ላይ ለጥፉት። ድንጋይ ከውጭ ሲመታ የሚወጠረው የእንጨቱ ውስጠኛ ፊት ነው፤ አራሚድ ደግሞ ሥራው መወጠር ነው።

የእሳት ፈተና

ቢጫ ሁሉ ኬቭላር አይደለም። አንድ ጊዜ ቢጫ የተነከረ ፖሊስተር በኬቭላር ዋጋ ገዝቼ የገባኝ ቤቴ ደርሼ ነው። ከዚያ ወዲህ ክብሪት ሳልይዝ ጨርቅ አልገዛም። ከዳር ጥቂት ክር ምዘዙና ደጅ ላይ በመቆንጠጫ ይዛችሁ እሳት አስጠጉት። አራሚድ ይከስላል እንጂ አይቀልጥም፣ እሳቱን ስታርቁትም ይጠፋል። ፖሊስተር ቀልጦ ጫፉ ላይ ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ይሠራል። መስታወት አይነድም። ፖሊኤቲሊን እንደ ሻማ ቀልጦ ይንጠባጠባል፤ የሳሙና ውኃ ውስጥ ነክራችሁ አየሩን ብታስወጡለትም ይንሳፈፋል።

ስንት ይገዛል?

ለ5 ካሬ ሜትር እንዲህ አስቡት። የመጀመሪያው የእንጨት ማጥገቢያ በካሬ 120 ግራም፣ 600 ግራም። አራሚዱ በካሬ 200 ግራም ያህል ይጠጣል፣ 1 ኪሎ። መስታወቱ የራሱን ክብደት ያህል፣ ሌላ 1 ኪሎ። የሽመናውን ጉድጓድ የሚሞላው ሦስት እጅ፣ እያንዳንዱ በካሬ 150 ግራም፣ በድምሩ 2 ኪሎ ከ250። ለጥብጣቡና ለማዕዘን መሙያው 400 ግራም። ሁሉም 5 ኪሎ ከ250 ይሆናል። ጣሳ ላይ፣ ሮለር ላይና መሬት ላይ ለሚቀረው አንድ አምስተኛ ጨምሩበት፤ 6.3 ኪሎ፣ ሃርድነሩን (ከኢፖክሲው ጋር ተዋሕዶ የሚያደርቀውን ሁለተኛ ፈሳሽ) ጨምሮ ማለት ነው። ሥራ መሐል ላይ አልቆባችሁ ጨርቁ ግማሹ ደረቅ ሆኖ ከማየት ይልቅ ትንሽ ቢተርፍ ይሻላል።

እንጨቱን ማዘጋጀት

አሮጌውን ቀለምና የተነሣ ኢፖክሲ በሙሉ አንሡ፤ የበሰበሰውን ቆርጣችሁ ተኩ። እንጨቱ በደንብ መድረቅ አለበት፤ የእርጥበት መለኪያ ካላችሁ ከ12 በመቶ በታች ያሳያችሁ። ከሌላችሁ አንድ ክንድ የሚሆን ግልጽ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጋችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት ከሥሩ ላብ ካለ ገና ነው። ይህን ሥራ በሐምሌና በነሐሴ የምትጀምሩ ከሆነ እኔ የለሁበትም፤ መስከረም ጠብቶ መሬቱ ጠፈፍ እስኪል ታገሡ።

ከዚያ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አሻክሩት። ሹል ጠርዝ ሁሉ ይዶልዱም፤ ዳርቻው ቢያንስ የአውራ ጣታችሁን ያህል ይክበብ። አራሚድ ግትር ነው፣ ሹል ጠርዝ ላይ ስታጥፉት ተመልሶ ይነሣል፣ ከሥሩም አየር ይይዛል። ወደ ውስጥ የገባ ማዕዘን ካለ ደግሞ ኢፖክሲ በመሙያ ዱቄት እንደ ስቱኮ አወፍራችሁ በማንኪያ ጀርባ ጎድጎድ አድርጋችሁ ሙሉት። እዚህ ላይ አጫጭር ክርም ይጠቅማል። ተፈጭቶ የሚሸጥ የአራሚድ ብናኝ ካገኛችሁ ከኢፖክሲው ክብደት 1 ወይም 2 በመቶ ብቻ ጨምሩ፤ ቶሎ ያወፍራል፣ እንዳይወርድ ይይዛል፣ ስንጥቅም እንዳይሮጥ ያግዳል። ሃርድነሩ ከመግባቱ በፊት አዋሕዱት፤ አለበለዚያ እንደ ተቋጠረ ገንፎ ይሆንባችኋል። አጭር ክር ግን የጨርቅን ቦታ አይተካም።

ሚዛንና ጣሳ

ኢፖክሲ ላይ ብዙ ሰው የሚበላሸው እዚህ ነው። እንደ አውቶሞቢል ስቱኮ «ማድረቂያ ልጨምርለት፣ ቶሎ ይድረቅ» የሚባል ነገር የለም። ሃርድነሩ የኢፖክሲው አንድ አካል ነው፤ ሲበዛም ሲያንስም ተለጥፎ የሚቀር ማስቲካ ይሆናል። በመጠን 2 ለ 1 የሚል ኢፖክሲ በክብደት 2 ለ 1 አይደለም፣ ሃርድነሩ ቀለል ስለሚል። የክብደቱ ልክ በማሸጊያው ላይ ለብቻው ይጻፋል፤ እሱን ይዛችሁ በዲጂታል የወጥ ቤት ሚዛን መዝኑ። ሁለት ደቂቃ ሙሉ አማስሉ፣ የጣሳውን ጎንና ሥር እየፋቃችሁ። ከዚያ ወደ ሌላ ንጹሕ ጣሳ ገልብጣችሁ ደግማችሁ አማስሉ።

በአንድ ጊዜ ከ300 ግራም በላይ አታዘጋጁ። እኔ ገና ሥራውን ሳልለምደው 600 ግራም አማስዬ፣ ስልክ ተደውሎልኝ ጣሳውን አስቀምጬ ሄድኩ። ስመለስ ጣሳው ይጨሳል፤ ፕላስቲኩ ተኮማትሯል፣ ውስጡ ቢጫ አረፋ ሆኗል። ኢፖክሲና ሃርድነር ሲዋሐዱ ሙቀት ያወጣሉ፤ ተጠራቅሞ የተቀመጠ ከሆነ ሙቀቱ ራሱን ያፋጥነዋል። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የመድረቂያው ጊዜ በግማሽ ያህል ያጥራል ብላችሁ ያዙ። ስለዚህ አማስላችሁ ወዲያው እንጨቱ ላይ ወይም ሰፊ ሳህን ላይ አፍስሱት። የተረፈውን የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አትክተቱ፤ ደጅ ይቀዝቅዝ።

የናይትራይል ጓንት አድርጉ። ቆዳ ላይ የነካ ኢፖክሲን በቲነር ወይም በአሴቶን አትጠቡ፤ እነሱ ወደ ቆዳ ያስገቡታል። በጨርቅ ጠርጋችሁ በሳሙናና በውኃ ታጠቡ። ኢፖክሲ አንድ ጊዜ አለርጂ ካስያዛችሁ አይለቃችሁም፤ ሥራውን የተዉ ባለሙያዎች አውቃለሁ።

ማጥገብ

የመጀመሪያው እጅ ያለ ጨርቅ ነው። በሮለር ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ሰዓቱ ወሳኝ ነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ መውረድ ሲጀምር። ጠዋት ከቀባችሁት ፀሐይዋ ከፍ ስትል እንጨቱ ውስጥ ያለው አየር ይሞቃል፣ ይሰፋል፣ በኢፖክሲው ውስጥ እየፈነዳ ሺህ ትናንሽ ጉድጓድ ይተውላችኋል። ማምሻውን ሲቀባ ግን እንጨቱ እየቀዘቀዘ ኢፖክሲውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ሌሊቱ ብርድ ከሆነ ላስቲክ አልብሷት።

በማግሥቱ ገጹ ላይ ሳሙና የመሰለ ቅባት ሊኖር ይችላል። ሃርድነሩ ከአየሩ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተገናኝቶ የሚፈጥረው ነው። በንጹሕ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሻካራ ስፖንጅ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ከዚያ በስሱ አሻክሩ። ሳታጥቡ ብትፈገፍጉ ቅባቱን ወደ ውስጥ ታስገቡታላችሁ፣ ቀጣዩም እጅ አይይዝም።

አራሚዱን መቁረጥና ማንጠፍ

ተራ መቀስ አይቆርጠውም፤ ያኝከዋል። በምትቆርጡበት መስመር ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉና አዲስ በተሳለ፣ ቢቻል ጥርስ ባለው መቀስ በፕላስተሩ መሐል ቁረጡ። ጨርቁን ፀሐይ ላይ አታስጡ፤ ሙቅና ደረቅ ክፍል ውስጥ አሳድሩት። ወደ ጠርዝ የሚታጠፈውን ክፍል ክሮቹ በ45 ዲግሪ አግድመው እንዲወድቁ አድርጋችሁ ብትቆርጡት ይታዘዛል።

ይህኛውን ሥራ ጠዋት ጀምሩ፣ ጥላ ውስጥ፤ እንጨቱ ስለጠገበ አየር አይተነፍስም፣ ቀኑም ያደርቅላችኋል። ሁለት ሰው ይኑር፤ አንዱ ያማስል፣ አንዱ ያንጥፍ።

መስታወት ጨርቅ ደረቁን አንጥፎ ከላይ ማፍሰስ ይቻላል። አራሚድ ላይ ይህን አታድርጉ። ሲርስ ጥርት ስለማይል ከላይ የራሰ መስሎ ከሥር ደረቅ ይቀራል። መጀመሪያ እንጨቱን በኢፖክሲ በደንብ አርጥቡ፤ ጨርቁን በላዩ አንጥፉና ከሥር እንዲጠጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁት። ቀለሙን ተመልከቱ፤ ደረቁ የገለባ ቢጫ ነው፣ የጠጣው እንደ ጠቆረ ማር ይሆናል። ገለባ የመሰለ ቦታ ባለበት ትንሽ ጨምሩ። ከዚያ በፕላስቲክ ስፓቱላ ከመሐል ወደ ዳር እየገፋችሁ አየሩንና ትርፉን አውጡ። ትርፍ ኢፖክሲ ጥንካሬ አይደለም። ጨርቁ በኢፖክሲው ላይ ዋኝቶ ከደረቀ ከሥሩ ያለው ጭድ የሌለበት ጭቃ ነው፤ ወደ ተነሣንበት ችግር ተመለስን ማለት ነው።

አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ይህን ስሠራ ቆመው ያዩኝ ነበር። «ልጄ፣ ጀልባ ጋቢ ታለብሳለህ?» አሉኝ። ጋቢ ይሁንላቸው።

አራሚዱ ገና እርጥብ እያለ መስታወቱን በላዩ አንጥፉ፤ በእርጥብ ላይ እርጥብ። መስታወቱ የአራሚዱን ክሮች ተጭኖ ያስተኛል፣ ሁለቱም እንደ አንድ አካል ይደርቃሉ። ሁለት ጨርቅ የሚገናኝበት ቦታ 5 ሴንቲ ሜትር ይደራረብ፤ የአራሚዱና የመስታወቱ መገናኛ ግን አንድ ቦታ ላይ አይግጠም። ከዚያ ጥብጣቡን አስቀምጡ።

በመጨረሻ ያልተቀባ ንጹሕ የናይለን ወይም የፖሊስተር ጨርቅ ከላይ አልብሳችሁ በስፓቱላ ተጫኑት። ሲደርቅ ይላጣል፤ ትርፍ ኢፖክሲና ያን የሳሙና ቅባት ይዞ ይሄዳል፣ ከሥሩ ሻካራና ንጹሕ ገጽ ይተዋል። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ጨርቅ አለ፤ ካጣችሁ ከልብስ ስፌት ሱቅ የሚገዛ የገበር ጨርቅ ሊሠራ ይችላል፣ መጀመሪያ በቁራጭ እንጨት ላይ ሞክሩት። አንዳንዱ ሙጭጭ ብሎ ይቀራል።

በቫኪዩም ፓምፕ አፍኖ መጫንስ? ይቻላል፣ ያምራልም። ግን የሚጫነው የአየሩ ክብደት ነው፤ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አየራችን በባሕር ወለል ካለው አራት አምስተኛ ያህል ነው። በውጭ አገር ቪዲዮ ያያችሁትን የጌጅ ቁጥር ለማግኘት ፓምፑን አታስጨንቁት። ለእንዲህ ያለ ሥራ እጅና ስፓቱላ ይበቃሉ።

ዳሩን የምትቆርጡባት ሰዓት

ይህችን ካሳለፋችኋት ትቆጫላችሁ። ኢፖክሲው ተለጥጦ የማይቀደድ ቆዳ የሚመስልበት ሰዓት አለ፤ በጥፍር ሲጫኑት ምልክት ይይዛል፣ ግን አይለጠፍም። እንደ ሙቀቱና እንደ ሃርድነሩ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይመጣል። ያኔ በአዲስ ምላጭ ትርፉን አራሚድ ዙሪያውን ቁረጡ፤ እንደ አይብ ይቆረጣል። በማግሥቱ ከሆነ ፍሌክስ (የኤሌክትሪክ መቁረጫ) ማስነሣት ነው፣ ዳሩም እንደ ድመት ጅራት ይቆማል።

ማግሥቱን የሚላጠውን ጨርቅ ንቀሉና ገጹን በሳንቲም እየቆረቆራችሁ አዳምጡ። የያዘው ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ ያልያዘው እንደ ባዶ ቅል ያስተጋባል። ባዶው ቦታ ትንሽ ከሆነ ሁለት ቀጫጭን ቀዳዳ ብሱና ባንዱ በሲሪንጅ ኢፖክሲ ግፉ፤ በሌላው እስኪወጣ። ከመዳፍ ከሰፋ ቆርጦ አውጥቶ መጠገን ይሻላል።

መሙላት፣ መላግ፣ ቀለም

ሦስቱን የመሙያ እጆች በአንድ ቀን መጨረስ ይቻላል፤ የፊተኛው ሲነኩት የሚጣበቅ ግን የማይነሣ ሲሆን ቀጣዩን ቀቡ፣ በመሐሉ መፈግፈግ አያስፈልግም። ካደረ ግን ማጠብና ማሻከር ግድ ነው። ሲላግ ከመስታወቱ ሽመና አትለፉ። ቢጫ ክር ብቅ ካለ አቁሙ፤ ከዚያ በላይ በፈገፈጋችሁ ቁጥር እየነፋ ይመጣል። የአቧራ ማስክ ሳታደርጉ አትላጉ፣ ያልበሰለ ኢፖክሲም አትፈግፍጉ፤ አቧራው የባሰ ጎጂ ነው።

በ20 እና በ25 ዲግሪ መካከል ሙሉ በሙሉ ለመብሰል አንድ ሳምንት ገደማ ስጡት። ከዚያ ቀለም። ኢፖክሲን ፀሐይ ታነጣዋለች፣ ታደቅቀዋለች፤ በዚህ ከፍታ ደግሞ ፀሐይዋ ብርቱ ናት። ፕራይመርና ሁለት እጅ የውጭ ቀለም፣ ነጣ ያለ ቢሆን ይመረጣል፤ ጥቁር ቀለም ሆዱን ያሞቀውና ኢፖክሲው ይለሰልሳል።

ከአንድ ወቅት በኋላ አፍንጫዋ አካባቢ ቀለሙ ተፍቆ፣ መስታወቱ ተበልቶ፣ ቢጫ ጢም ብቅ ብሎ ታገኙ ይሆናል። አትላጩት፣ አትፈግፍጉት። አጥባችሁ አድርቁት፤ ኢፖክሲ በብሩሽ አጠጡት፣ በላዩ ግልጽ ላስቲክ አንጥፋችሁ ጢሙ እስኪተኛ በጣት ተጫኑና በፕላስተር አስራችሁ አሳድሩት። ጠዋት ላስቲኩን ንቀሉ፣ ዙሪያውን አሻክሩ፣ አንድ ቁራጭ ፖሊስተር ደርቡበት፣ ቀለም ቀቡት።